ስም ሲሻገር፦ ከቻይንኛ ስም የእንግሊዝኛ ስም ስለ መምረጥ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



 የዛሬው ርእሴ ላይ ላዩን ሲታይ ጠባብ ይመስላል። አንድ ቻይናዊ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ይዞ እንግሊዝኛ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ወደ ሆነበት ዓለም ሲገባ ምን ተብሎ ይጠራል? የሚል ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ጥያቄውን በየጊዜው ታገኙታላችሁ። ቻይንኛ የምትማሩ ተማሪዎች፣ መምህራችሁ ራሱን በእንግሊዝኛ ስም ሲያስተዋውቅ ሰምታችሁ ይሆናል፤ በቢሮው በር ላይ ግን ሌላ ስም ተለጥፎ ታያላችሁ። ተመራማሪዎችም አንድ ቻይናዊ ጸሐፊ በአንዱ መጽሔት በአንድ ስም፣ በሌላው በሌላ ስም ተጠቅሶ አጋጥሟችሁ ይሆናል።

ላስረዳ የምሻው ዐሳብ አጭር ነው። ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ሁለንተናውን ይዞ አይሻገርም። ድምፅ አለው፤ ትርጉም አለው፤ የቤተሰብ ሐረግ አለው፤ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። እነዚህን አራቱን ምንም ሳይነኩ በአንድ ጊዜ የሚያሻግር ዘዴ አላውቅም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ስም የሚመርጥ ሰው፣ ባያስተውለውም እንኳ፣ የትኛውን እንደሚይዝና የትኛውን እንደሚተው እየወሰነ ነው። የእኔ ክርክር ይህ ውሳኔ የባለስሙ መሆን አለበት የሚል ነው። የሰሚው ድርሻ ውሳኔውን ማክበር ነው።

የስሙ አሠራር

በቻይንኛ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የግል ስም ይከተላል። በቅርጫት ኳስ ዝነኛ የሆነውን ያኦ ሚንግን ብንወስድ፣ ያኦ የቤተሰቡ፣ ሚንግ የራሱ ስም ነው። በአሜሪካ ሲጫወት በማሊያው ጀርባ የተጻፈው «ያኦ» የቤተሰብ ስሙ ነበር፤ ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ተመልካች ግን በግል ስሙ የሚጠራው ሊመስለው ይችላል።

የቤተሰብ ስሞች ቁጥር ውስን ነው። ዋንግ፣ ሊ፣ ጃንግ፣ ሊዩ እና ቼን የተባሉት አምስቱ ብቻ ከአገሪቱ ሕዝብ 30 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በዚህ ምክንያት ሰውን ከሰው የመለየቱ ሸክም በግል ስሙ ላይ ይወድቃል። የግል ስም አንድ ወይም ሁለት ቀለም ሲሆን፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ የሚነሣ አይደለም፤ ወላጆች፣ ብዙ ጊዜም አያቶች፣ በሺህ ከሚቆጠሩ የጽሕፈት ምልክቶች መካከል ድምፃቸውም ትርጉማቸውም የሚስማማውን መርጠው ያጣምሩታል። ሚንግ «ብሩህ»፣ አን «ሰላም»፣ ሁዪ «ጥበብ» የሚል ትርጉም ሊኖራቸው ይችላል።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ብርሃኑ፣ ሰላማዊት፣ ተስፋዬ የሚሉት ስሞቻችን ትርጉማቸው ንቁ ነው፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ትርጉሙን አብሮ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ግን አብዛኛው የሰው ስም ትርጉሙ ተኝቷል። ፒተር የተባለውን ሰው የሚጠራ እንግሊዛዊ በግሪክኛው «ዓለት» ማለት መሆኑን አያስብም። ስለዚህ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ስም የሚሻገር ሰው ትርጉም ከሚሰማበት አገር ትርጉም ወደማይሰማበት አገር መሻገሩ ነው።

ከዚህ በላይ ቃና አለ። መደበኛው ቻይንኛ አራት ቃናዎች አሉት፤ አንድ ቀለም ቃናው ሲለወጥ ሌላ ቃል ይሆናል። ቻይንኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ፒንዪን የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1958 በይፋ ሲጸድቅ የቃና ምልክቶች ነበሩት፤ በፓስፖርትና በጥናት መጽሔት ላይ ግን ምልክቶቹ ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት በቻይንኛ ጽሕፈት ፈጽሞ የማይገናኙ ስሞች በላቲን ፊደል አንድ ይሆናሉ። በአንጻሩ አንድ የነበረው ስም ይበታተናል፤ በመደበኛው ቻይንኛ ቼን የሚባለው የቤተሰብ ስም በካንቶንኛ ቻን፣ በሆክየንኛ ታን ነው። አንድ የጽሕፈት ምልክት የሚጋሩ ዘመዳሞች፣ በተሰደዱበት አገር መዝገብ ላይ ባዕዳን መስለው ሊታዩ ይችላሉ።

ስም መደረብ የቆየ ልማድ ነው

አንዳንድ ሰዎች የእንግሊዝኛ ስም መያዝን የባህል መሸነፍ አድርገው ይተረጉሙታል። ወደዚህ ፍርድ ከመቸኮላችን በፊት የቻይናን ታሪክ ማየት ይገባል። በጥንቱ ሥርዓት የተማረ ሰው ከአንድ በላይ ስም ነበረው። ሲወለድ የሚወጣለትን ስም የሚጠሩት በዋናነት ታላላቆቹና እርሱ ራሱ ነበሩ። ወንድ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው ለአካለ መጠን መድረሱን የሚያበስር ሥርዓት ተፈጽሞለት «ዝ» የሚባል ሁለተኛ ስም ይሰጠው ነበር፤ እኩዮቹ በአክብሮት የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ባለቅኔዎችና ሠዓሊዎች ደግሞ «ሃኦ» የሚባል፣ ራሳቸው የሚመርጡት ሦስተኛ ስም ነበራቸው። እያንዳንዱ ስም ለአንድ ዓይነት ግንኙነት የተመደበ ነበር። በዚህ ዐይን ሲታይ የእንግሊዝኛው ስም ለባዕዳን ግንኙነት የተመደበ አንድ ተጨማሪ ስም ይሆናል።

ስሞች በሁለት ቋንቋዎች መካከል መሻገራቸውም አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ማቴዎ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1583 ወደ ደቡብ ቻይና ገብተው ሲቀመጡ ሊ ማዶው የተባለ የቻይንኛ ስም ያዙ። «ሊ» ከሪቺ፣ «ማዶው» ከማቴዎ ድምፅ የተቀዳ ነው፤ ቅደም ተከተሉም እንደ አገሩ ወግ የቤተሰብ ስሙን አስቀድሟል። በዚህ ሳይወሰኑ ሺታይ የሚል የአክብሮት ስምም ነበራቸው። በሌላ ወገን የሪቺ ወዳጅና የሥራ ባልደረባ የነበሩት ሊቅ ሹ ጓንግቺ እ.ኤ.አ. በ1603 ሲጠመቁ ጳውሎስ ተባሉ። የክርስትና ስም ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ የዓለም ስሙን ሳይጥል ሌላ ስም የሚደርብ ሰው በእኛም ዘንድ በየቤቱ አለ።

ኮንፊሺየስ የሚለው ስም ራሱ የዚህ ታሪክ ውጤት ነው። ቻይናውያን ፈላስፋቸውን ኮንግ ፉዝ ይሉታል፤ ትርጉሙ «መምህር ኮንግ» ነው። የአውሮፓ መነኮሳት የላቲን መድረሻ ጨምረውበት እ.ኤ.አ. በ1687 በፓሪስ በታተመ መጽሐፍ ለአውሮፓ አስተዋወቁት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቻይናዊ ስም፣ ባለቤቱ አንድ ቀን እንኳ ያልተጠራበት ስም ነው። በሪቺና በኮንፊሺየስ መካከል ያለው ልዩነት የንግግሬ አስኳል ነው፤ የመጀመሪያው ስሙን ራሱ ያዘ፣ የሁለተኛው ግን ከሞተ ከሁለት ሺህ ዓመታት በኋላ በሌሎች ተሰጠው።

የምርጫ መንገዶች

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። ቻይናውያን የእንግሊዝኛ ስም የሚመርጡባቸውን መንገዶች በአራት ከፍዬ አያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው መንገድ ድምፅን መከተል ነው። ዳዌይ የተባለ ሰው ዴቪድ ቢባል ብዙ አልራቀም፤ ቻይንኛ ዴቪድን የሚጽፈው «ዳዌይ» ብሎ ነውና። ካይዌን ኬቪን፣ ሊሊ ሊሊ ትባላለች። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ባለስሙ ሲጠራ ዞር ለማለት አለመቸገሩ ነው። ጉድለቱ ትርጉሙና ቃናው መቅረታቸው ነው።

በዚህ መንገድ ላይ በተገላቢጦሽ የተጓዘ አንድ ዝነኛ ስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 በሻንግሃይ የተወለዱት ደራሲ ጃንግ አይሊንግ ሲወለዱ ስማቸው ጃንግ ዪንግ ነበር። እናታቸው ትምህርት ቤት ሊያስገቧቸው የምዝገባ ቅጽ ሲሞሉ የቀድሞው ስም ስላልጣማቸው፣ አይሊን የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም በቻይንኛ ድምፅ ጻፉት። ለጊዜው ተብሎ የተሞላው ስም በቻይና ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ከታላላቆቹ ተርታ ተመዘገበ። ደራሲዋ ስለ ስሞች በጻፉት መጣጥፍ ስማቸውን ተራ ነው ብለው ነቅፈውታል፤ ሆኖም አልለወጡትም። እንግሊዝኛ አንባቢዎች አይሊን ቻንግ ብለው ያውቋቸዋል፤ «ቻንግ» የጃንግ የቆየ የላቲን አጻጻፍ ነው። እዚህ ላይ የትኛው ስም ከየትኛው እንደ ተወለደ ለመናገር ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ ትርጉምን መከተል ነው። በስሟ ውስጥ «ሰላም» ያላት ሴት አይሪን ብትባል የግሪክኛውን ሰላም ይዛለች፤ «ጥበብ» ያላት ሶፍያ፣ «ብሩህ» ያላት ክላራ ልትባል ትችላለች። ይህ መንገድ የወላጆችን ምኞት ያከብራል። ችግሩ ቀደም ሲል የጠቀስኩት ነው፤ የተሻገረው ትርጉም በእንግሊዝኛ ሰሚው ጆሮ ተኝቶ ይቀራል። ትርጉሙን የሚያውቁት ባለስሟና መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ብቻ ናቸው። ቢሆንም ብዙዎች ይመርጡታል፤ ስም የሚያጽናናው የሚጠራውን ብቻ ስላልሆነ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከቻይንኛው ስም ጋር ምንም ዝምድና የሌለውን ስም መውሰድ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ያንግ ጄንኒንግ በወጣትነታቸው የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የሕይወት ታሪክ አንብበው ስለ ተመሰጡ ፍራንክ የሚለውን ስም ያዙ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ከሊ ጄንግዳኦ ጋር የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸውን ሥራ ያሳተሙት በቻይንኛ ስማቸው ምህጻር ነበር፤ ፍራንክ ለወዳጆች፣ ያንግ ለሳይንስ ሆነ። የንግድ ሰው የሆነው ማ ዩን ደግሞ በትውልድ ከተማው በሃንግጆው ወጣት ሳለ ጎብኚዎችን እያጀበ እንግሊዝኛ ይለማመድ ነበር፤ በኋላ ዓለም ያወቀበትን ጃክ የሚለውን ስም ያገኘው ከአንዲት የባዕድ አገር ወዳጁ እንደ ሆነ ተናግሯል። አንዱ የሚያደንቀውን መረጠ፤ ሌላው የተሰጠውን ተቀብሎ የራሱ አደረገው።

አራተኛው መንገድ የቻይንኛውን ስም ይዞ መቆየት ነው። በፓሪስ የሉቭር ሙዚየምን የመስታወት ፒራሚድ የነደፉት አርክቴክት ፔይ ዩሚንግ የግል ስማቸውን ወደ ሁለት ፊደላት አሳጥረው አይ. ኤም. ፔይ ተባሉ፤ ቅደም ተከተሉን ለአሜሪካ ለቀቁ፣ ስሙን ግን አልለቀቁም። የሲንጋፖሩ ሊ ኳን ዩ አያታቸው ሃሪ የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ ወደ ፖለቲካ ሲገቡ በአደባባይ ተዉት፣ የቅርብ ሰዎቻቸው ግን በዚያው መጥራታቸውን ቀጠሉ። በሆንግ ኮንግ ደግሞ ሁሉንም የመደርደር ልማድ አለ። የቀድሞዋ የግዛቲቱ ዋና አስተዳዳሪ ሙሉ ስም ኬሪ ላም ቼንግ ዩት ንጎር ነው፤ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ስም፣ ቀጥሎ የባል ቤተሰብ ስም፣ ከዚያ የራሳቸው ቤተሰብ ስም፣ በመጨረሻ የግል ስም። ምንም አልተጣለም፤ ዋጋው ርዝመቱ ነው።

ስምን ይዞ መቆየት ምን እንደሚያተርፍ ከሚያሳዩት ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የቱ ዮውዮው ስም ነው። እኚህ ሳይንቲስት ቺንግሃኦ ከተባለ የአሪቲ ዘመድ ዕፅ የወባ መድኃኒት ስላገኙ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ በጤና ጣቢያዎቻችን ኳርተም እያልን የምንጠራው መድኃኒትም ከዚያ ግኝት የመጣ ነው። «ዮውዮው» የሚለውን ስም አባታቸው የወሰዱት ከጥንታዊው የቻይና የመዝሙራት መጽሐፍ ሲሆን፣ በመስክ ሣር የሚግጡ አጋዘኖችን ድምፅ የሚያሰማ ቃል ነው። ዕፅ ፈልገው ስም ላተረፉ ሴት ከዚህ የተሻለ ስም ማን ሊያወጣ ይችላል? ለእንግዳ ጆሮ እንዲቀልል በሌላ ስም ቢተኩት ኖሮ ይህ ሁሉ በተሸፈነ ነበር።

የተመራማሪ ስም

ለዚህ ጉባኤ የሚቀርበው ጉዳይ የጥናት ሥራ ነው። ጥናት በስም ይጠቀሳል፤ በስም ይፈለጋል፤ በስም ይቈጠራል። የቤተሰብ ስሞች ጥቂት በሆኑበት፣ ቃናው በሚጠፋበት፣ የግል ስምም ወደ አንድ ፊደል በሚያጥርበት አሠራር «ዋይ. ዋንግ» የሚለው መጠሪያ እጅግ ብዙ ሰዎችን ሊወክል ይችላል። የአንዱ ሥራ ለሌላው ይመዘገባል፤ ወይም የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ የተሰኘው ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪዎች መለያ ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህን የመሰለ መደበላለቅ ነው።

የእንግሊዝኛ ስም ለዚህ ችግር መፍትሔ ይመስላል፤ «ኬቪን ዋንግ» ከ«ዋይ. ዋንግ» ይልቅ ይለያልና። ነገር ግን አዲስ ችግር ያስከትላል። ከዋናው ቻይና የመጣ ሰው የእንግሊዝኛ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ በፓስፖርቱ ላይ የለም። ዲግሪው በፓስፖርቱ ስም ይሰጠዋል፤ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስሙ ይታተማል፤ ሥራ ሲያመለክት ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የቤተሰብ ስሙ በላቲን ፊደል «ኤች» እና «ኢ» ተብሎ የሚጻፍ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስሙ «እርሱ» ከሚለው ተውላጠ ስም ጋር አንድ ነው።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። «የመጨረሻ ስም» የሚል ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ሲቀርብልን የአባታችንን ወይም የአያታችንን ስም እንሞላለን፤ በመጽሔቱም አባታችን ጥናቱን የጻፉት ይመስላሉ። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም አስቀድሞ የመመዝገብ ልማድ የጸናው በዚህ ምክንያት ነው። ቻይናዊው ባልደረባችን የሚገጥመውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ቅጹ የተዘጋጀው እርሱንም እኛንም ሳያስብ ነው።

የእኛ ድርሻ

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለሚመርጠው ሰው ሦስት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ማን ነው? ለቡና ቤት አስተናጋጅ የሚሆን ስም ለመመረቂያ ጽሑፍ ላይሆን ይችላል። ከቻይንኛው ስሜ የትኛውን ክፍል ማጣት አልፈልግም? ድምፁን ከሆነ ድምፁን፣ ትርጉሙን ከሆነ ትርጉሙን ይከተል። ስሙንስ ከሃያ ዓመት በኋላ በሥራዬ ላይ ልፈርምበት እችላለሁን? መልሱ አዎን ከሆነ ከመጀመሪያው ጥናት እስከ መጨረሻው ሳይለዋውጥ ይጻፈው፤ የሚቻል ከሆነም የቻይንኛውን ስም አብሮ ያኑር። የእንግሊዝኛ ስም ጨርሶ አልፈልግም ቢል ደግሞ ማብራሪያ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ነገር እኛን ሰሚዎቹን ይመለከታል። የቻይና ስም ወደ አማርኛ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ አነባበብ በኩል ነው፤ ይህ ግን የግድ አይደለም። በፒንዪን «ኪው» የሚለው ፊደል ለ«ቸ»፣ «ኤክስ» ለ«ሸ» ይቀርባል፤ «ዜድ» እና «ኤች» አንድ ላይ ሲጻፉ ለ«ጀ» ይቀርባሉ። በዛሬው ንግግር «ዣንግ» ሳይሆን «ጃንግ» ያልሁትም ለዚህ ነው። በማስተምረው የሥነ ድምፅ ትምህርት አንድ ልምምድ አለኝ። ቻይናዊ እንግዳ ሲኖረን ተማሪዎቼ የላቲን አጻጻፉን ሳያዩ ስሙን በጆሯቸው ሰምተው በፊደላችን እንዲጽፉት አደርጋለሁ። በጆሮ የጻፉት፣ ከወረቀት አንብበው ከሚጠሩት ይልቅ ለባለስሙ አጠራር ይቀርባሉ። ፊደላችን አናባቢውን ከተነባቢው ጋር ስለሚጽፍ ለዚህ ሥራ ደካማ መሣሪያ አይደለም። ቃናው ይቀረዋል፤ እርሱን ግን ባለስሙን ደግሞ እንዲጠራው በመጠየቅ መቃረብ ይቻላል።

ሦስተኛው ነገር ጥያቄው ነው። አንድ እንግዳ ስሙን ሲነግረን «ይከብዳል፣ ሌላ የለህም?» ማለት ስም የማውጣት ሥልጣንን ሳይሰጡን መውሰድ ነው። «ምን ተብለው ቢጠሩ ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ምርጫውን ለባለቤቱ ይመልሳል። እንግዳው ዴቪድ ብሎ ቢመልስ ዴቪድ ነው፤ ስሙን የግድ በቻይንኛ ካልጠራን ማለትም ሌላ ዓይነት ጫና ነው። ሙሉ ስሙን ቢነግረን ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀለም ለመማር የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህ ሕግ በእኛም ላይ እንዲሠራ እሻለሁ። ቻይንኛ የምትማሩ ተማሪዎች መምህራኖቻችሁ የቻይንኛ ስም ይሰጧችኋል። ከመቀበላችሁ በፊት የጽሕፈት ምልክቶቹ ምን ማለት እንደ ሆኑ፣ ከስማችሁ የትኛውን ክፍል እንደ ያዙ ጠይቁ። ስማችሁ ብርሃኑ ከሆነ «ብሩህ» የሚለው ምልክት እንዲገባላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሪቺ ከአራት መቶ ዓመታት በፊት እንዳደረጉት፣ ወደ ሌላው ቋንቋ ስትገቡ ከራሳችሁ አንድ ነገር ይዛችሁ ትገባላችሁ።

 አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ፤ ጠያቂዎችም ከጥያቄው በፊት ስማችሁን፣ መጠራት በምትወዱት አኳኋን፣ እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።